ችክችካ ሲገባ ድራም ማሽኑ ለምን ይስታል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ዲጄዎች ክር

መነሻው ጽሑፍ

ክሩን (የኢንተርኔት ውይይቱን) የከፈተው ደሴ ላይ በሰርግ አዳራሾች የሚሠራ ዲጄ ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል፦ ትራክተር ፕሮ 3 የተባለው የዲጄ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕ፣ ባለሁለት ዴክ (ዘፈን ማጫወቻ) ኮንትሮለር፣ ኮርግ ቮልካ ቢትስ ድራም ማሽን፣ ከዩኤስቢ ወደ ሚዲ (የሙዚቃ ዕቃዎች መነጋገሪያ መስመር) የሚቀይር ኬብል እና አነስተኛ ሚክሰር። የጻፈው ከጥያቄ ይልቅ አቤቱታ ይመስላል። የውጭ ሙዚቃ ሲያጫውት ማሽኑ ከዴኩ ጋር ልክ ይገባል። ችክችካ ሲሆን ግን ኪኩ (ወፍራሙ ከበሮ) ምቱ ላይ እያረፈ ሃይሃቱ (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) ያነክሳል፤ ዘፈኑ ገፋ ሲል ደግሞ ኪኩም ራሱ መሸሽ ይጀምራል። ስክሪኑ 100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት) ይላል፣ ማሽኑም 100 ይላል። ስለዚህ ሚዲ ክሎክ (ዕቃዎችን በአንድ ፍጥነት የሚያስኬደው ምልክት) ለእኛ ምት አልተሠራም ብሎ ደምድሞ፣ የሚያስተባብል ካለ ይምጣ ብሏል።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነው። ዕቃው ስለተዘረዘረ አመስግኖ፣ ስለ ምቱ ከመነጋገር በፊት መስመሩ ይጣራ አለ። በርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ኬብሎች ጫፍ ላይ የተጻፈው ኢን እና አውት ብዙ ጊዜ ሰው ያሳስታል፤ ማሽኑ ካልሰማ መጀመሪያ ሁለቱን ማቀያየር ነው። ኬብሉን ከኮንትሮለሩ ጋር አንድ ሃብ ላይ መደረብ አይበጅም፣ ለየብቻ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ። የቮልካው ሲንክ ኢን ቀዳዳ ውስጥ የተረሳ ጃክ ካለ ማሽኑ ሌላውን ክሎክ ትቶ በዚያ በኩል የሚመጣ ምልክት ብቻ ስለሚጠብቅ ባዶ መሆኑ ይታይ። ፋንክ ቁልፉን ይዞ ማሽኑን በማብራት ከሚገኙት ማስተካከያዎች ውስጥ የክሎክ ምንጭ የሚለው አውቶ ላይ መሆን አለበት፤ ኢንተርናል ላይ ከቀረ ማሽኑ የሚከተለው የራሱን ልብ ብቻ ነው።

በትራክተር በኩል ኮንትሮለር ማኔጀር ውስጥ ጀነሪክ ሚዲ ተጨምሮ የአውት መስመሩ ላይ ያንን ኬብል ብቻ መምረጥ፣ ሁሉም መስመሮች የሚለውን አለመተው። ቀጥሎ ሚዲ ክሎክ በሚለው ገጽ መላኩን መፍቀድ፣ በመጨረሻም ከላይ ባለው የማስተር ክሎክ (የፕሮግራሙ ዋና ፍጥነት) ሳጥን ውስጥ መላኪያውን ማስጀመር። የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል፤ ፈቅዶ ሳያስጀምር ኬብሉን የሚረግም ብዙ ነው።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው አጭር ነው፤ ማሽኑ ሚዲ ቻናል 10 ላይ ይደረግ አለ። ሦስተኛው ወዲያው አረመው። ቻናል የሚያስፈልገው ለኖታ ነው፣ ክሎክ ቻናል የለውም፤ በመስመሩ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያም ክሎክ ምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ አስቀመጠ። ሚዲ በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ላኪው ለእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ይመታል። በ100 ቢፒኤም አንዱ መምቻ ከሌላው 25 ሚሊ ሰከንድ ይርቃል። ማሽኑ መምቻዎቹን እየቆጠረ በየ6 መምቻ አንድ ስቴፕ (የምት ማስቀመጫ ቦታ) ይራመዳል። መምቻው ውስጥ የባሩ (የምቱ አንድ ዙር) መጀመሪያ የቱ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም፤ ጀምር፣ አቁም፣ ቀጥል የሚሉ ለብቻቸው የሚላኩ ትእዛዞች አሉ። ስለዚህ ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ቦታው ስህተት ሊሆን ይችላል። ጀምር የሚለው ዘግይቶ ከተጫነ ማሽኑ ዘፈኑን በሙሉ በዚያችው ርቀት ዘግይቶ ይጨርሳል።

ይህ አንቀጽ ለቀሪው ክር መሠረት ሆኗል፤ ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ በመምቻ መቁጠር ጀመረ።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አራተኛው መላሽ ጆሮ ያለው ዲጄ ክሎክ አይፈልግም ባይ ነው፤ ኬብሉን ነቅሎ ማሽኑን መሪ ማድረግ፣ ዴኩን በፒች ፌደር (በፍጥነት መለወጫው) ወደ ማሽኑ ማምጣት። አሠራሩን በትክክል ጽፎታል። ማሽኑ ላይ ኪክ ብቻ ይቀራል። በሄድፎን አንዱ ጆሮ ማሽኑ፣ በሌላው ዴኩ ይደመጣል። የፌደሩ ስፋት ወደ 6 በመቶ ይጠባል፣ ሰፊ ከሆነ ጥቃቅን እርምት አይገባለትም። ዴኩ ሲዘገይ ጆጉ (በእጅ የሚዞረው ክብ) በጎን ወደፊት ይገፋል፣ ሲቀድም ይያዛል፤ ከሦስት አራት ግፊት በኋላ ያው ወገን ደጋግሞ የሚዘገይ ከሆነ ፌደሩ በፀጉር ያህል ይነካል። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለውም። መጨረሻው ላይ ግን የዛሬ ልጆች ስክሪን ካላዩ እጃቸው አይንቀሳቀስም የሚል ጨመረበትና ክሩን አጋመው።

ምላሽ 5

አምስተኛው በሂሳብ መለሰለት። ሁለት ዕቃዎች በ0.1 ቢፒኤም ብቻ ቢለያዩ በየደቂቃው የ0.1 ምት ልዩነት ይጠራቀማል። በ120 አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ይህ በደቂቃ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁለት ኪኮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲራራቁ ጆሮ ሁለት አድርጎ መስማት ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ቤዙ ይሳሳል እንጂ ድርብ አይሰማም። ስለዚህ በጆሮ የሚገጥም ሰው በየግማሽ ደቂቃው ጆጉን መንካት አለበት፤ ሙሽራው ሲገባ ማይክ ይዞ፣ ቀጣዩን ዘፈን እየፈለገ፣ ከካሜራ ሰው ጋር እየተጣቀሰ ይህን ለአራት ሰዓት የሚችል ካለ ይባረክ አለ። ምርቃቱ ውስጥ ጥፊ እንዳለ ማንም ያየዋል።

ምላሽ 6

ከኮምቦልቻ የጻፈ ሰው ነው። የእሱ አዳራሽ መብራት ሲጠፋ ወደ ጄነሬተር ይዞራል፣ የጄነሬተሩ ሄርዝ ሲወርድ ድራም ማሽኑም ይዘገያል የሚል ንድፈ ሐሳብ አመጣ። የደሴውም ችግር ከመብራት ነው ብሎ በእርግጠኝነት ፈረደ። ምላሹ እስኪመጣ ሦስት ሰው አመሰገነው፤ ባይመሰገን ይሻል ነበር።

ምላሽ 7

የክሩ እምብርት ይህ ነው፤ ሌላውን የማያነብ ሰው ይህን ቢያነብ ይበቃዋል።

ሰባተኛው መላሽ ከመነሻው ጽሑፍ አንዲት ነገር ነጥሎ ያዘ፦ ኪኩ ልክ ሆኖ ሃይሃቱ ማነከሱን። ይህ የክሎክ መሳት ምልክት አይደለም፣ ክሎክ ቢስት ሁሉም አብሮ ነው የሚስተው። ችግሩ የምቱ አከፋፈል ነው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ስለሆነ አንዱ ባር ስድስት ትንንሽ ምት አለው፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። ማሽኑ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ እያንዳንዱን ምት ለአራት ይከፍላል። በ100 ቢፒኤም ትልቁ ምት 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። የዘፈኑ ትንሹ ምት በየ200 ይወድቃል፣ የማሽኑ ስቴፕ ደግሞ በየ150። ሁለቱ የሚገናኙት 600 ላይ ብቻ ነው፤ ማለትም ስቴፕ 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ። ኪኩ እዚያ ስለተቀመጠ ልክ ይመስላል፤ በመሃል ያለው ሃይሃት ግን አንዱም የከበሮውን ቦታ አያገኝም።

መፍትሔው ማሽኑን 75 ላይ ማስኬድ ነው። በ75 አንድ ሩብ ኖታ 800 ሚሊ ሰከንድ፣ ሩቡ ደግሞ 200 ይሆናል፤ አንድ ስቴፕ ከአንድ ትንሽ ምት ጋር ልክ ለልክ ማለት ነው። ነገር ግን 16ቱ ስቴፕ እንዳለ ከተተወ ፓተርኑ ሁለት ባር ከሁለት ሦስተኛ ስለሚሆን የባሩ ራስ በየዙሩ ይዞራል፣ ወደ ቦታው የሚመለሰው በሦስተኛው ዙር ነው። ስለዚህ ቮልካው ላይ አክቲቭ ስቴፕ በሚለው አሠራር ከ13 እስከ 16 ያሉት አራቱ ይጠፋሉ፤ የሚቀሩት 12 ስቴፖች ሁለት ሙሉ ባር ናቸው። ትልልቁ ምት 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ለመፈተሻ ኪክ 1 እና 7 ላይ፣ ሃይሃት 12ቱም ላይ ይደረግ። ይህ ለጭፈራ የሚሆን ምት አይደለም፣ መግጠሙን ለማየት ነው። የከበሮው ጌጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ ትራክተር ለምን አንዴ 100፣ አንዴ 150፣ አንዴ 75 እንደሚያነብ አስረዳ። ያው ዘፈን ነው፤ ፕሮግራሙ ትልቁን ምት ከቆጠረ 100፣ ትንንሾቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ከቆጠረ 150፣ አራት አራት ከሆነ 75 ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። በማስተካከያው ውስጥ የቢፒኤም መፈለጊያ ክልል አለ፤ 88 እስከ 175 ላይ ከሆነ 75 ፈጽሞ አይመጣም፣ 48 እስከ 95 ላይ ከሆነ 100 አይመጣም፣ ግን ግማሹ 50 ሊመጣ ይችላል። እጥፍና ግማሽ የሚሉት ቁልፎች ከ100 ወደ 75 አያደርሱም፣ ቁጥሩ በእጅ መጻፍ አለበት።

ምላሽ 8

ስምንተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ በአንድ ነገር ተቃወመ፣ ተቃውሞውም ውኃ የሚያነሳ ነው። ዘፈኑ ግሪዱ (የምት መስመሮቹ) 75 ላይ ከታሰረ ሉፕ (አንድን ክፍል ማደጋገም) ይሞታል። የአራት ምት ሉፕ በ75 ማለት 16 ትንንሽ ምት ማለት ስለሆነ ከባሩ ጋር አይገጥምም፤ ዘፋኙን መሃል ላይ ቆርጦ ይመልሰዋል። በ150ም ያው ነው፤ አንዱ ባር ሦስት ምት ይሆንና 2፣ 4፣ 8 የሚሉት ቁልፎች ሁሉ ይስታሉ። ሉፕ በትክክል የሚሠራው በ100 ብቻ ነው፣ አራት ምቱ ልክ ሁለት ባር ስለሆነ። እንግዲህ ለማሽኑ 75፣ ለሉፑ 100 ከሆነ ዲጄው የትኛውን ይያዝ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 9

ሰባተኛው ተመልሶ መጣ፤ ሳይቆጣ፣ ስምንተኛውን ወንድሜ ብሎ። ዴኩና ክሎኩ የግድ አንድ ቁጥር መያዝ የለባቸውም። ትራክተር ወደ ውጭ የሚልከው የማስተር ክሎኩን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ማስተር ክሎኩ ከአውቶ ወጥቶ በእጅ ወደሚሞላው ይቀየራል፣ 75.00 ይጻፍበታል። ዘፈኑ ግሪዱ 100 ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ የዴኩ ሲንክ ቁልፍ (ፍጥነቱን ከማስተር ክሎኩ ጋር በራሱ የሚያስማማው) ይጠፋል። ሉፕ በ100 ይሠራል፣ ማሽኑ በ75 ይሄዳል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ምት ነው የሚናገሩት።

ዋጋው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፒች ፌደሩ በተነካ ቁጥር አዲሱን ቁጥር በሦስት አራተኛ ማባዛት ያስፈልጋል፤ 102 ቢሆን 76.5፣ 104 ቢሆን 78፣ 96 ቢሆን 72። በወረቀት ጽፎ ላፕቶፑ ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛ፣ ማሽኑን የሚያስጀምረው ጣት ነው፤ የማስተር ክሎኩ ሳጥን ውስጥ ያለችው ሲንክ ቁልፍ የባሩ ራስ ላይ መጫን አለባት። ጣት ከሳተ እንደገና በሚቀጥለው ባር ራስ መጫን እንጂ ሌላ ነገር መነካካት አያስፈልግም።

ምላሽ 10

ይህ ለስድስተኛው የተጻፈ ነው፤ ርኅራኄ የለበትም። የድራም ማሽን ልብ ክሪስታል ነው፣ ከግድግዳው 50 ሄርዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጄነሬተር ቢወርድ ማሽኑ አይዘገይም፤ ቮልቴጁ ከሚበቃው በታች ከወረደ ይጠፋል ወይም ራሱን እንደ አዲስ ያስነሳል። በሄርዝ የሚመራው አንዳንድ የድሮ ማጫወቻ ሞተር ነው፤ የቴክኒክስ 1200 እንኳ በኳርትዝ የተቆለፈ ስለሆነ ከዚያ ወገን አይደለም። ሳያውቁ በእርግጠኝነት መጻፍ ሌላውን ገደል ይከታል አለው፤ እርስዎ ብሎ የጀመረውን አንተ ብሎ ጨረሰው።

ከቁጣው በታች ግን ጥሩ ነገር አለ። መብራት ሲሄድ በእውነት የሚበላሸው ላፕቶፑ ነው፤ ቻርጀሩ ሲቋረጥ ኃይል ወደመቆጠብ ይገባና ድምፁ ይንጣጣል፣ ክሎኩም ይንቀጠቀጣል። የኃይል አጠቃቀሙን አስቀድሞ ከፍተኛው ላይ መቆለፍ ነው። ቮልካው በስድስት ደብል ኤ ባትሪ ስለሚሠራ ለመብራቱ ግድ የለውም። ጄነሬተሩ ኧርዝ ከሌለው ደግሞ የሚክሰሩ ብረት እጅ ይነዝራል፣ ስፒከሩም ያጉረመርማል። ማጉረምረሙ የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ከጠፋ ምንጩ እሱ ነው። ባለ አምስት ፒኑ ሚዲ ኢን በብርሃን የሚሠራ መለያ ስላለው ይህን ማጉረምረም አያስተላልፍም፤ በትንሹ ሲንክ ጃክ ሲገናኙ ግን ኧርዛቸው ይያያዛል፣ ጉርምርምታውም አብሮ ይመጣል።

ስድስተኛው አልመለሰም። ያመሰገኑት ሦስቱም።

ምላሽ 11 እና 12

ክሩ እዚህ ላይ መንገድ ሳተ። አሥራ አንደኛው ስለ ድራም ማሽን ከማውራት በፊት የወሎን ቅኝት ማወቅ ይቀድማል ብሎ ባቲን፣ አምባሰልን፣ ትዝታንና አንቺሆዬን አነሳ፤ ሁለቱ በዚሁ አገር ቦታዎች ስም የሚጠሩ ሆነው ሳለ የደሴ ዲጄ በውጭ ማሽን መጨነቁ አሳፍሮታል። አሥራ ሁለተኛው ቅኝት ስለ ድምፆች እንጂ ስለ ምት እንዳልሆነ፣ አምስት ድምፅ ያለው ዜማ በማንኛውም ፍጥነት ሊዜም እንደሚችል ቁርጥ አድርጎ መለሰ።

ሆኖም ነገሩን ጠቃሚ ቦታ ላይ አሳረፈው። ቅኝት የሚመጣው ፌደሩ ሲነካ ነው። የቃና መቆለፊያው ካልበራ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ሲጨምር ዜማው በግማሽ ቃና ያህል ወደ ላይ ይወጣል። መድረክ ላይ ማሲንቆ ወይም ክራር ካለ ተጫዋቹ እንደገና ካልቃኘ አይገናኙም፤ ስለዚህ መቆለፊያው ይብራ፣ ፍጥነቱም ከ3 እና 4 በመቶ በላይ ባይሄድ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ የከበሮው ጫፍ መድከም ይጀምራል። ድራም ማሽኑ ላይ ያለውን ቶም (ቃና ያለውን ከበሮ) የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ላይ መቃኘት ደግሞ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ማንም የማይሠራው ነው።

ምላሽ 13

የመነሻው ጽሑፍ ሁለተኛ እሮሮ፣ ኪኩ ራሱ መሸሹ፣ እስካሁን መልስ አላገኘም ነበር። አሥራ ሦስተኛው ያነሳው እሱን ነው። 12 ስቴፑ የሃይሃቱን ይፈታል፤ ሽሽቱ ግን ከዘፈኑ ነው። በባንድ በአንድ ጊዜ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ሜትሮኖም አልነበረውም። ከበሮ መቺው አዝማቹ ላይ ይሞቃል፣ ግጥሙ ላይ ይረጋል። ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ መንገዳገድ ይጨመርበታል። የትራክተር ፕሮ 3 ግሪድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቁጥር ብቻ ያውቃል፣ ማሽኑም የሚከተለው ቁጥሩን እንጂ ዘፋኙን አይደለም።

ስንት እንደሚሸሽ ለማወቅ ግሪዱን የመጀመሪያው ባር ራስ ላይ አስሮ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ መዝለል፣ መስመሩ ከኪኩ ምን ያህል እንደራቀ ማየት። እኩል በእኩል እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ቁጥሩ በጥቂት ነጥብ ስህተት ነው፣ ይታረማል። አንዴ ቀድሞ አንዴ የሚዘገይ ከሆነ ግን ማንኛውም አንድ ቁጥር አያድነውም። ለዚህ ሦስት መንገድ ሰጠ። ፕሮግራሙን መቀየር፦ ሪኮርድቦክስ ዳይናሚክ የሚል አተናተን አለው፣ ሴራቶ ላይ ግሪዱ በብዙ ቦታ ሊቸነከር ይችላል፣ ትራክተርም ከፕሮ 4 ጀምሮ የሚተጣጠፍ ግሪድ አምጥቷል። ሆኖም የሚተጣጠፈው ግሪድ ክሎኩን የሚመራው ማስተር ክሎኩ አውቶ ላይ ሲሆን ስለሆነ የ75ቱን ዘዴ ያስቀራል። ሁለተኛው፣ ማሽኑን ሉፕ ላይ ብቻ ማስገባት፤ መግቢያውን ወይም የከበሮውን ብቻ ክፍል ሁለት ባር ቆልፎ ማሽኑን በላዩ ማምጣት፣ ሉፑ ሲፈታ የማሽኑን ፌደር ማውረድ። ሦስተኛው ትዕግሥት ላለው ነው፤ ዘፈኑን በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም በየአራት ባሩ ወደ እኩል ፍጥነት ስቦ ማስቀመጥ። እሱ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የተቀናውን ዘፈን ማሽኑ ይወደዋል፣ እስክስታ ወራጁ ግን አይወደውም።

ምላሽ 14

ይህ ስለ ሚሊ ሰከንድ ነው። ዴኩ በላፕቶፑ የድምፅ ማቆያ ውስጥ ስለሚያልፍ ዘግይቶ ይወጣል፤ በሰከንድ 44100 ናሙና ሆኖ ማቆያው 512 ናሙና ከተባለ 11.6፣ 1024 ከተባለ 23.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ቮልካው ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስለሚያስገባ ይቀድማል። ሚዲ ክሎክ ገጽ ላይ ያለው የመላኪያ ማካካሻ ለዚህ ነው የተቀመጠው፦ በ5 ሚሊ ሰከንድ ወደ አንድ ወገን መግፋት፣ ከባሰ ወደ ሌላው መመለስ፣ ሁለቱ ኪኮች አንድ ወፍራም ኪክ ሲሆኑ መተው። መደመጥ ያለበት በሄድፎን ነው። ከስፒከር 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፁ የሚደርሰው ወደ 29 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ስለሆነ በአዳራሹ ድምፅ ያስተካከለ ሰው ያስተካከለው አዳራሹን ነው። የቮልካው ገመድ በኮንትሮለሩ ኦክስ (ተጨማሪ መግቢያ) ከገባ ደግሞ አንዳንዱ ኮንትሮለር ያንንም በላፕቶፑ አሳልፎ ያመጣዋል፤ ያኔ ሂሳቡ ይገለበጣል።

ምላሽ 15 እስከ 17

አሥራ አምስተኛው ባለ 18 ኢንች ሰብ (የቤዝ ስፒከር) ሊሸጥ መጣ። አሥራ ስድስተኛው ዋጋ ጠየቀ። አወያዩ ሁለቱንም ወደ ገበያው ክፍል ሰደዳቸው፤ በዚያው አንቺሆዬን በተመለከተ ክርክር የሚፈልግ ሌላ ክር ይክፈት ብሎ አስጠነቀቀ።

ምላሽ 18

ባለ አምስት ፒን ኬብል ደሴ ፒያሳ ይገኛል ወይስ መርካቶ መላክ አለበት ለሚለው የጎን ጥያቄ የመጣ መልስ ነው። ኬብሉን መበየድ ይቻላል፦ ፒን 4 ከ4፣ ፒን 5 ከ5፣ ፒን 2 ለሽፋኑ፤ 1 እና 3 ባዶ ይቀራሉ። ርዝመቱ ከ15 ሜትር አይለፍ። ከድሮ ቴፕ የተገኘ ተመሳሳይ ኬብልም ይሠራል፣ ግን አንዳንዱ ውስጡ የተጠላለፈ ስለሆነ ሳይሰካ በፊት በመልቲሜትር ይለካ። ኮምቦልቻ ላለ ሰው ደግሞ በሐረጎ ቁልቁል በሚወርድ ሚኒባስ ልልክ እችላለሁ ብሏል።

ምላሽ 19

ላፕቶፕ የሌላቸው፣ በሲዲጄ (ለብቻው በሚቆም የዲጄ ማጫወቻ) እና በዲጄኤም 900 ኔክሰስ 2 ሚክሰር የሚሠሩ ሰዎችም ይታሰቡ አለ። ሚክሰሩ ክሎኩን ከራሱ ቢፒኤም ቆጣሪ አውጥቶ በሚዲ አውት ይልካል። አውቶ ላይ ሲሆን ችክችካን አንዴ 100 አንዴ 150 እያለ ይዘልላል፣ ማሽኑም አብሮት ይዘልላል። ታፕ በሚለው ቁልፍ በእጅ ከተመታ ቁጥሩ ይረጋል። የሚመታው ግን የዘፈኑ ትልቅ ምት ሳይሆን የማሽኑ ነው፤ 75 እንዲሆን በየአራት ትንንሽ ምት አንዴ መታ ማድረግ። እጅ መጀመሪያ አሻፈረኝ ይላል። ትንሹን ምት በአፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ አንድ ላይ ብቻ መምታት ያስለምደዋል።

ምላሽ 20

ክሩን የከፈተው ተመለሰ። ክርክር አላነሳም፣ ቁጥር ብቻ አመጣ። ማስተር ክሎክ በእጅ 75.00፣ 12 ስቴፕ፣ ማካካሻ 15፣ የድምፅ ማቆያ 512። በኪቦርድ ዘመን በማሽን ምት የተቀዱ ዘፈኖች ከራስ እስከ ጅራት ይዘዋል። በባንድ የተቀዱት ላይ ሁለተኛውን መንገድ፣ ማለትም የሁለት ባር ሉፑን፣ ይጠቀማል። ሚዲ ክሎክ ለእኛ አልተሠራም ያለውን ቃል ከርዕሱ ላይ አውጥቷል። አዲስ ጥያቄም ጨመረ፦ ከችክችካው ወጥቶ ባለ አራት ምት ዳንስ ሲገባ ማሽኑን ሳያቋርጥ እንዴት ያሻግር?

ምላሽ 21

መልሱን የሰጠው አራተኛው ነው፣ ያ የጆሮ ሰው። በ75 እና በ12 ስቴፕ ኪኩ በየሦስት ስቴፑ፣ ማለትም በየ600 ሚሊ ሰከንዱ ነው። በ100 እና በ16 ስቴፕ በየአራት ስቴፑ፣ ያውም 600 ነው። ስለዚህ ኪኩ ሳይነካ የሚቀየረው በመሃል ያለው ብቻ ነው። ቮልካው ላይ ሁለቱን ለውጦች በአንድ ጊዜ ማድረግ ስለማይቻል የማሽኑ ፌደር ሁለት ባር ይወርዳል፣ ማስተር ክሎኩ ላይ 100.00 ይጻፋል፣ የጠፉት አራት ስቴፖች ይበራሉ፣ አዲሱ ዘፈን የባሩ ራስ ላይ ሲደርስ ሲንክ ተጭኖ ፌደሩ ይነሳል። ሮላንድ ቲአር 8 ያለው ግን ከመጀመሪያውም 75 ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ ስኬል በሚለው ውስጥ ምቱን ለሦስት የሚከፍለውን መርጦ፣ የመጨረሻውን ስቴፕ 12 አድርጎ፣ ክሎኩን 100 ላይ ይተወዋል። ያኔ እያንዳንዱ ስቴፕ 8 መምቻ ይሆናል። ሽግግሩ ሲደርስ ስኬሉን ወደ 16ኛው (ምቱን ለአራት ወደሚከፍለው)፣ የመጨረሻውን ስቴፕ ወደ 16 መመለስ ብቻ ነው፤ ማስተር ክሎኩም አውቶ ላይ መቆየት ይችላል።